ነጭ ቤት ከሁለት ልጅና ከከሰል ቡና ጋር

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለን። ለዓመታት አከራይተነው አሁን ልንገባበት ነው። ሳሎኑ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ሲሆን መስኮቱ ወደ ምዕራብ ያያል። ቤቱን ከግድግዳ እስከ ሶፋ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ ‹ክሊኒክ ልታስመስዪው ነው› ይለኛል። የ4 እና የ7 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉን። አማቴ አብረውን ስለሚኖሩ ቡና በቀን ሁለት ጊዜ በከሰል ይፈላል፣ ዕጣንም ይጨሳል። ቀለም ቀቢው ‹ነጭ ከሆነ ሁሉንም በዘይት ቀለም ልቀባው፣ ይታጠብልሻል› ብሎኛል። ሴራሚክ ሻጩ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ንጹሕ ነጭ አሳይቶኝ ወድጄዋለሁ። ይሆናል ወይስ ምኞት ብቻ ነው?» ዘ.፣ ከጀሞ

መልስ፦

ውድ ዘ.፣ ይሆናል። በዘይት ቀለሙና በሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ግን አንስማማም። ባለቤትዎም ግማሽ እውነት አላቸው።

የምንከተለው ደንብ አጭር ነው፦ ከወገብ በላይ ነጭ፣ ከወገብ በታች የሚታጠብ። የልጅ እጅ፣ ጫማ፣ የወጥ ፍንጣቂ፣ የወለል መወልወያ ውሃ የሚያርፉት በአብዛኛው ከመሬት እስከ 1 ሜትር ከ20 ባለው ውስጥ ነው። እንግዳ ገብቶ «ቤቱ ነጭ ነው» የሚለው ግን ከዚያ በላይ ያለውን ግድግዳ፣ ኮርኒሱንና መጋረጃውን አይቶ ነው። ስለዚህ ነጩን ወደ ላይ ያውጡት። ይህን ደንብ የሚያፈርሰው ጭስ ብቻ ነው፤ እሱን ለብቻው እናየዋለን።

በመጀመሪያ የዘይት ቀለሙ። ቀቢው ይታጠባል ማለቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነጭ ሆኖ አይቆይም። ቀለሙን የሚያያይዘው ዘይታማ ሙጫ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ቶሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ከበር ኋላ፣ ከተሰቀለ ፎቶ ሥር ቀድሞ ይለወጣል፤ ፎቶውን ሲያነሱት ባለ አራት ማዕዘን ቢጫ ምልክት ይጠብቅዎታል። በዚያ ላይ ስለሚያንጸባርቅ የኮንዶሚኒየም ልስን ያለበትን ጉብታና ጎድጓዳ ሁሉ ያወጣዋል። የእርስዎ ሳሎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ግድግዳውን በጎን ስለምትመታው ደግሞ ይብሳል።

በምትኩ የሚታጠብ አክሪሊክ የውሃ ቀለም ይግዙ፤ ቢጫ አይሆንም ማለት ይቻላል። ለኮርኒስ ጨርሶ የማያንጸባርቀውን ማት፣ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ግድግዳ በመጠኑ የሚያበራውን ሳቲን፣ ለኮሪደርና ለልጆች ክፍል የታችኛው 1 ሜትር ከ10 ይበልጥ የሚያንጸባርቀውን ሰሚ ግሎስ ያድርጉ። ቀለሙ አንድ ነጭ ሆኖ የሚለያየው አንጸባራቂነቱ ብቻ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም ስፋት ያለው የእንጨት ክር ያስመቱ፤ የአንጸባራቂነቱን ልዩነት ይሸፍናል፣ የወንበር ጀርባ ግድግዳውን እንዳይፍቀውም ይከላከላል። ሳሎን ውስጥ ሶፋ የሚሸፍነው ግድግዳ ስለሚበዛ እዚያ ክሩን መተው ይችላሉ።

ለኪራይ የቆየ ቤት ብዙ ጊዜ ከታች እስከ ደረት በዘይት ቀለም የተቀባ ነው። የእርስዎም እንዲያ ከሆነ የውሃ ቀለም በቀጥታ አይቀባበትም፤ ይይዛል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እንደ ቆዳ ይላጣል። ግድግዳው በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ይልቀቅ፣ አንጸባራቂው እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ ከዚያ የሚያያይዝ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ይቀባ። የድሮ የጭስ ጥቁረትና የዝናብ ውሃ ነጠብጣብ ያለበት ቦታ ደግሞ እድፍ የሚያግድ፣ በዘይት የተሠራ ፕራይመር ይፈልጋል። በውሃ ቀለም ብቻ ከተሸፈነ ውሃው እድፉን አሟሙቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሦስተኛም አራተኛም እጅ ቢደረብ ቡኒው ተመልሶ ይመጣል። ነጭ ቤት ያልተሳካላቸው ብዙ ሰዎች «ቀለሙ ርካሽ ነበር» የሚሉት እዚህ ላይ የተዘለለውን ሥራ ነው።

ግድግዳውን የሚያለሰልሰው ስቱኮ ከደረቀና ከተፈተገ በኋላ ማታ መብራት አጥፍተው የእጅ ባትሪ በግድግዳው ጎን ለጎን ያብሩ። እያንዳንዱ እብጠት ጥላ ይጥላል። የሚታየውን በእርሳስ ያክብቡና ቀቢው ጠዋት ያስተካክለው። ቀለም ከተቀባ በኋላ መጨቃጨቅ ፋይዳ የለውም።

መጠኑን እናስላ። የሳሎንዎ ዙሪያ 15 ሜትር ነው። የኮርኒሱን ከፍታ 2 ሜትር ከ60 ብንይዝ 39 ካሬ ይሆናል፤ በርና መስኮት 4 ካሬ ገደማ ሲቀነስ 35 ይቀራል። አንድ ሊትር ለስላሳ በሆነና ፕራይመር በጠጣ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለፕራይመር 3 ሊትር ተኩል፣ ለሁለት እጅ ቀለም 7 ሊትር ያስፈልጋል። ኮርኒሱ 14 ካሬ ስለሆነ ለሁለት እጅ 3 ሊትር ይበቃዋል። «ጋሎን» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ እኩል ስላልሆነ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር ያንብቡ። ነጭም ቢሆን ከምርት ምርት ይለያያል፤ ለአንድ ክፍል የገዙትን ሁሉ በአንድ ትልቅ ባልዲ አደባልቀው ያስቀቡ። ውሃ የሚጨመረው ከ10 በመቶ ባልበለጠ መጠን ነው። ቀቢ እጁ እንዲቀልለው ውሃ ሲያበዛ ነጭ ቀለም ይሳሳና እንደ ደመና ይዥጎረጎራል፤ ሲቀላቅል አጠገቡ ቢቆሙ ነውር የለውም። ከተደባለቀው አንድ ሊትር በጥብቅ በሚዘጋ ዕቃ አኑረው የክፍሉንና የወሩን ስም ይጻፉበት። ለነገ ጥገና ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

የትኛው ነጭ? ብዙ ሰው በቅድሚያ የግድግዳውን ቀለም ይመርጣል፤ አካሄዱ መገልበጥ አለበት። ሊቀይሩት ከማይችሉት ነገር ይነሱ፦ ከመስኮቱ ፍሬም፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ፣ ከመጸዳጃው መቀመጫ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት አጠገባቸው ቢይዙ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ ማዘንበላቸው ወዲያው ይታያል። ሰማያዊ ያዘነበለ ነጭ ግድግዳ ቢጫ ካዘነበለ በር ጋር ሲጎራበት በሩ የቆሸሸ ይመስላል፤ ቢያጥቡትም አይጸዳም፣ ምክንያቱም አልቆሸሸም። ሁለት የ50 በ50 ሳንቲም ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ቁራጮች ላይ ሁለት የተለያዩ ነጮች ሁለት ሁለት እጅ ይቀቡና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት በርቶ ከግድግዳ ግድግዳ እያዘዋወሩ ይዩዋቸው።

«ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፣ ሞቅ ያለ ነጭ ይቀባ» የሚል ምክር አንብበው ከሆነ ይተዉት፤ እሱ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በተቀረው ዓመት በደቡብ። እኛ ዘንድ ልዩነት የሚያመጡት ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። የእርስዎ ሳሎን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢጫ ብርሃን ስለሚሞላው ክሬም ያዘነበለ ነጭ ቅቤ ይመስላል። ወደ የትም ያላዘነበለ፣ ቢበዛ ጥቂት ግራጫ የነካው ነጭ ይምረጡ። ፊት ለፊት ያለውን ብሎክ ቀለምም ይመልከቱ፤ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ከሆነ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙን ወደ ግድግዳዎ ይልካል። ያኔ መፍትሔው ስስ ነጭ መጋረጃ እንጂ ሌላ ቀለም አይደለም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እንምጣ። ክሊኒክ የሚያስመስለው ከግድግዳው ይልቅ አምፖሉ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ ሰማያዊ ያዘለ «ዋይት» አምፖል ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሰው ፊት እንኳ ይገረጣል። «ዋርም» የሚባለውን፣ ካርቶኑ ላይ 3000 ኬልቪን የሚለውን ይግዙ፤ ለወጥ ቤት 4000 ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ክፍል አይቀላቅሉ። ነጭ ግድግዳ ብርሃንን መልሶ ስለሚበትን ለሳሎንዎ 2000 ሉመን ያህል ብርሃን ይበቃል፤ ይህም ሁለት ወይም ሦስት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ነው። ሁሉንም ኮርኒስ መሃል ከመስቀል አንዱን ወደ ጥግ የቁም መብራት ያውርዱ። ከዚያ ሻካራ ነገር ይጨምሩ፦ መሶብ፣ ያልተቀባ እንጨት፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራው መጋረጃ። ጥቁር ጀበና በነጭ ግድግዳ ፊት ለብቻው ጌጥ ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ማስጌጫ ባይኖርም ያስኬዳል።

ሴራሚኩን ይተዉት ያልነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ወለል ፀጉር፣ የውሃ ነጠብጣብና የጫማ አሻራ ሁሉ ያሳያል፤ በበጋ አቧራ ጠዋት የተወለወለው ቀትር ላይ ያልተነካ ይመስላል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ መወልወል ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፤ አማትዎና ልጆቹ አሉ። በምትኩ ማት የሆነ፣ አመድማ ወይም የአሸዋ ቀለም ያለው፣ ቀላል ነጠብጣብ ወይም ደም ሥር ያለበት 60 በ60 ይውሰዱ፤ ካርቶኑ ላይ የመንሸራተት ደረጃው አር 10 የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ክፍተት 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሆኖ በቀላል ግራጫ ይሞላ። ነጭ መሙያ ከበሩ እስከ ወጥ ቤት ያለውን መተላለፊያ ተከትሎ ስለሚጠቁር መንገድዎን ሰው ሁሉ ያየዋል። ዞኮሎው ግን ነጭ ይሁን፣ ግን የሴራሚክ ወይም የፒቪሲ፤ የኤምዲኤፍ ዞኮሎ የመወልወያ ውሃ ጠጥቶ ከሥሩ ያብጣል። በር ላይ ደግሞ ሁለቱም እግር ሁለት ሁለት እርምጃ የሚያርፍበት 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥቁር ግራጫ ምንጣፍና 30 ሳንቲም ጥልቀት ያለው የጫማ መደርደሪያ ያድርጉ። እንግዳ ጫማ አያወልቅም፤ ምንጣፉ ነው የሚሠራው።

ቡናው እንዲቀር አንመክርም፤ ቦታ ግን ይሰጠው። ረከቦቱ ከበረንዳው በር ወይም ከመስኮቱ አጠገብ ይሁን፤ ምድጃው ከግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ከሰል የሚያጨሰው በብዛት ሲቀጣጠል ስለሆነ በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ይግባ። ይህ ግን ለግድግዳው ነው። ፍሙ ባያጨስም ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ስለሚያወጣ ቡና እየተፈላ መስኮት ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ከምድጃው ሥር የብረት ትሪ፣ ከሱ ሥር ጠቆር ያለና የሚታጠብ ምንጣፍ ያንጥፉ። ለምለም ቄጠማ ሲረገጥ አረንጓዴው ወደ ሴራሚኩ መስመር ስለሚገባ ምንጣፉ ላይ እንጂ ባዶ ወለል ላይ አይጎዝጎዝ። ከረከቦቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ እስከ 1 ሜትር ከ20 በእንጨት ቢያለብሱት ማዕዘኑ የታሰበበት ይመስላል፤ የቡና ፍንጣቂም አያሳይም።

የዕጣን ጭስ ሙጫ ስላለው ኮርኒስ ላይ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ከቡናው በላይ ያለውን 3 ወይም 4 ካሬ ብቻ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ እድፍ የሚያግደውን ፕራይመር ሰጥተው ካስቀመጡት ቀለም ይደግሙታል። ኮርኒሱን ማት ያደረግነው ለዚህም ነው፤ በማት ላይ ጥገና ጎልቶ አይታይም፣ በሚያንጸባርቅ ላይ ግን እንደ ድሪቶ ይለያል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ግድግዳ ሥር አያስቀምጡ፤ ጥላሸቱ በአንድ ምሽት ምልክት ይተዋል።

ሶፋው ነጭ ይሁን፣ ነገር ግን የሚወልቅ ልብስ ያለው። ነጭ ሰው ሠራሽ ሌዘር አይግዙ፤ የጂንስ ሱሪ ሰማያዊ ይመጣበታል፣ አይለቅም፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ለባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ከነትራሱ 1 ሜትር ተኩል ወርድ ያለው ወፍራም የጥጥ ሸራ ከ12 እስከ 15 ሜትር ይፈጃል። ጥጥ ስለሚሸበሸብ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምረው ይግዙና ሳይሰፋ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ይህን የዘለለ ሰው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ልብሱን መልሶ ሶፋው ላይ ማስገባት አይችልም። የመቀመጫውን ትራስ ልብስ ሁለት ሁለት ያሰፉ፤ ቶሎ የሚቆሽሸው እሱ ነው።

ነጭ ጨርቅን የሚገድለው ከእድፉ ይልቅ በረኪናው ነው። በረኪና ሰው ሠራሽ ክር ያለበትን ጨርቅ ቢጫ ሊያደርግ ይችላል፤ ዝገት ባለበት ውሃ ሲገባ ደግሞ የዝገቱን ቀለም ጨርቁ ላይ ያትመዋል። ውሃ ተቋርጦ ሲመጣ የመጀመሪያው ቡኒ ስለሆነ ነጭ ልብስ ጠርቶ እስኪወርድ ይጠብቅ። ክሎሪን የሌለው፣ በኦክስጅን የሚሠራ የማንጫ ዱቄት በሙቅ ውሃ ይሻላል። የበርበሬ ወጥ ከሆነ እድፉ ዘይት ውስጥ ስላለ ውሃ ከመንካቱ በፊት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀብተው ሩብ ሰዓት ይተዉት፣ ከዚያ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። አልጫ ላይ ያለው እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፤ አይደንግጡ፣ ሲለቀለቅ ይመለሳል፣ የተረፈውን ፀሐይ ያነጣዋል። ጥበብ ያለው የሸማ መጋረጃ ግን በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ይታጠብ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተሰቀለ ካቢኔት ሥር አይቀመጥ፤ የእንጀራው እንፋሎት የኤምዲኤፉን ጠርዝ እየነፋ ነጩን ሽፋን ይገነጥለዋል። የሥራ ጠረጴዛው ላይም ነጭ ማርብል አይሁን፤ ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል፣ የቅቤና የእርድ እድፍም ይሰርግበታል። ግራጫ ግራናይት ያድርጉ፣ ግድግዳው ላይ ግን 60 ሳንቲም ከፍታ ያለው የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ ይለጠፍ። የወደዱት አንጸባራቂ እዚህ ይፈለጋል፤ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ቢያልፉበት ይበቃዋል።

በክረምት ቁም ሳጥን ከውጭ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ጀርባው ይሻግታል፤ ከ5 እስከ 10 ሳንቲም ያርቁት። የሻገተ ቦታ ካገኙ በረኪና በአሥር እጥፍ ውሃ በጥብጠው መስኮት ከፍተው ይጥረጉት፤ ከኮምጣጤ ወይም ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ጋር ግን በፍጹም አይቀላቅሉ፣ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ሳይደርቅ ቀለም አይደረብበት።

የሥራው ቅደም ተከተል፦ የኤሌክትሪክ ቁፋሮ፣ ሴራሚክ፣ ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ አንደኛ እጅ ቀለም፣ ካቢኔትና ቁም ሳጥን፣ በመጨረሻ ሁለተኛ እጅ። አናጢና ሴራሚክ ሠሪ ነጭ ግድግዳ ላይ እጃቸውን ሳያሳርፉ አይወጡም። አዲስ የተለሰነ ቦታ ካለ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ይድረቅ። ከተቀባ በኋላም አንድ ወር ያህል ግድግዳውን በውሃ አይሹት፤ በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ገና አልጠነከረም። ከዚያ በኋላ የእስክሪብቶ ጭረት የእጅ ማጽጃ አልኮል በነካ ጥጥ ይለቃል፤ በቅድሚያ ከበር ኋላ ይሞክሩት።

ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ካልተሟላ ስቱኮ፣ ፕራይመርና ቀለም ይቅደሙ፣ አምፖሎቹ ይከተሉ። የሶፋው ልብስ እስከሚቀጥለው ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የ4 ዓመቱ ልጅ ያኔ 5 ይሆናል።